ልጄ በአየር አትሄድም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ከከተማ ዳር ስለተሠሩት አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የምትጽፉት ስለ እኔ መንደር መሆኑን ማመን አቅቶኝ ነበር። «ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ ከሁሉም ነዋሪ በ800 ሜትር ክልል ውስጥ ይገኛሉ» ይላል። ሌላው ሌላው ይቅር፤ ይችን 800 ሜትር ግን ዝም ብዬ አላልፋትም።

ርቀቱ የተለካው ካርታ ላይ ክብ በመሣል ነው፤ አብሮ የወጣው ሥዕል ራሱ ይመሰክራል። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ቀጥታ ቢሠመር 600 ሜትር ቢሆን ነው። በመሀል ግን ግራና ቀኙ የታጠረ ፈጣን መንገድ ያልፋል፤ መሸጋገሪያው ደግሞ ወደ ታች ርቆ ነው ያለው። ዞረን ስንደርስ 1,900 ሜትር እንሄዳለን። በስልኬ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ዝናብ ከጣለማ አይነሣ። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ጤና ጣቢያ የምትሄደው እኔ ከሥራ ፈቃድ ሳገኝ ብቻ ነው። ቤቱን ስንረከብ የእግረኛ ድልድይ «በሁለተኛው ምዕራፍ» ይሠራል ተብለን ነበር። ይኸው አራት ዓመታችን፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ሌላ ሕንፃ ሆኖ መጣ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ከመሀል እስከ ዳር 800 ሜትር የሆነ ክብ 201 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። መንገዶቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቢቆራረጡና አንድም እንቅፋት ባይኖር እንኳ፣ ሰው 800 ሜትር በእግሩ ተጉዞ የሚያዳርሰው 128 ሄክታር ብቻ ነው። አጥሩና ገደሉ ሳይቆጠር ከሲሶ የሚበልጠው ነዋሪ ካርታው ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ይህን ማስላት የጋዜጠኛው ሥራ ካልሆነ የማን ነው?

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ሰፈር አወቃቀር ያለውን ሐሳብ ሲያቀርብ ትምህርት ቤቱን መሀል አድርጎ ዋና ዋና መንገዶቹን ወደ ዳር ገፋ፤ ሕፃናት መኪና የሚከንፍበትን መንገድ ሳያቋርጡ እንዲማሩ ነው። ስቶክሆልም ዳር ያለችው የቬሊንግቢ መሀል ገበያ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመረቅ የምድር ባቡሩ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ዘገባው «ነዋሪዎች ተጠጋግቶ መኖርን ይቃወማሉ» ማለቱ ደግሞ ይበልጥ አሳዝኖኛል። ማን ጠይቋችሁ? እኔ አልቃወምም። በሄክታር 100 ቤት ቢሠራ በ20 ሄክታር 2,000 ቤተሰብ ይኖራል። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ ለሱቅ ደንበኛ፣ ለቤተ መጻሕፍት አንባቢ የሚገኘው ሰው ሲጠጋጋ ነው፤ ግቢ ያለው ቤት ትተን አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣነውም በዚህ ተስፋ ነው። ነገር ግን በየቤቱ አንድ ተማሪ ቢኖር፣ በክፍል 40 ልጅ ሲደለደል፣ 50 መማሪያ ክፍል ያስፈልጋል። ቦታው ሕንፃዎቹ ሳይተከሉ በፊት ካልተከለለ በኋላ ከየት ይመጣል? እኛ ጋ ለልጆች መጫወቻ ተብሎ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ዛሬ መኪና ይቆምበታል።

መሐንዲስ አናገራችሁ፣ ባለሥልጣን አናገራችሁ፣ የግንባታ ድርጅት ኃላፊ ፎቶ በትልቁ አወጣችሁ። አንዲት እናት፣ አንድ አረጋዊ፣ አንድ ተማሪ እንኳ የለበትም። ይህን ያህል ገጽ ስትሰጡት ደረጃውን ወጥቶ በር ማንኳኳት እንዴት አቃታችሁ?

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ከማረሚያው በፊት ግን ጋዜጠኛው ይምጣ። በትምህርት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከልጄ ጋር ከደጃችን እንነሣለን፤ ስልኩን ይዞ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አብሮን ይለካ፣ ያገኘውንም ቁጥር ይጻፍ።

ከመንደሩ ነዋሪዎች አንዷ