ሞተር ሲቀየር ፍሬኑም ይታይ

ክቡር አዘጋጅ፣

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አንሮ ሳለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ አሮጌ መኪናውን ሸጦ ሌላ ከመግዛት ይልቅ ያለችውን ማደስ የሚመርጠው ሰው መብዛቱ አያስገርምም። ከእድሳቱ ሁሉ ከባዱ በትንሽ አሮጌ የጃፓን መኪና፣ በተለይም «ዲኤክስ» እያልን በምንጠራት ቶዮታ ኮሮላ ላይ የዘመኑን ሞተር መግጠም ነው። እኔ በምሠራበት ሙያ ስለዚህ ጉዳይ የሚነሣው ክርክር ሁሉ በሊብሬው ላይ በሚሰፍረው የሞተር ቁጥር ዙሪያ ሲሽከረከር አያለሁ፤ መኪናዋ ለአዲሱ ጉልበት ትበቃ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ይህች ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኢ70 ትውልድ ስትሆን፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ የመጨረሻዋ የኮሮላ ሴዳን ናት። ከተገጠሙላት ሞተሮች አንዱ 4ኬ የሚባለው ባለ 1,290 ሲሲ ሲሆን፣ ጉልበቱ 60 ፈረስ ገደማ ነው። በቀላል መፍቻ የሚፈታ፣ በየትኛውም ከተማ የሚጠግነው የማይጠፋ ሞተር በመሆኑ የሚወዱት ሰዎች «አትንኩት» ቢሉ እረዳቸዋለሁ። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር (በአሮጌ ሞተር ላይ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ሲመጣ አየሩ ቢሳሳም ነዳጁን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ መኪናዋ ትጨሳለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ወደ እንጦጦ ስትወጣም ትንፋሽ ያጥራታል። የዘመኑ ሞተር ኮምፒውተር ግን አየሩን በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ይመጥናል። ከፍታው የወሰደውን ጉልበት ባይመልስም፣ ነዳጅ በከንቱ እንዳይቃጠል ያደርጋል።

የሞተር ምርጫ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የቪትዝ ሞተር በቀላሉ ስለሚገኝ እርሱን ሲመርጡ ነው። የቪትዝ ሞተር በአግድም የሚቀመጥና የፊት ጎማ የሚነዳ ስለሆነ፣ ኮሮላዋ ውስጥ በቁመት ለማስቀመጥ ከሌላ ካምቢዮ ጋር በልክ በተቆረጠ ብረት ማጋጠም ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ቶርኒዮ ቤትና ትዕግሥት ካልተገኘ መጨረሻው አያምርም። የአቫንዛ ሞተር ከተፈጥሮው በቁመት የሚቀመጥ፣ ካምቢዮውም ለኋላ ጎማ የተሠራ ነው። ከዚህ ቤተሰብ የሆነው ኬ3 ባለ 1,297 ሲሲ ሲሆን፣ ከ4ኬ የሚበልጠው በ7 ሲሲ ብቻ ሆኖ ሳለ ከ85 ፈረስ በላይ ጉልበት ያወጣል። አራቱንም ጎማ የሚነዳው ቴሪዮስም ተመሳሳይ ሞተር አለው፤ ካምቢዮው ግን ከፊት ጎማ ጋር ጭምር ስለተያያዘ ለዚህ ሥራ አይመችም። ጥቂት ጉልበት መጨመር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከቶዮታ ላይትኤስ መኪና የሚወጣው ባለ 1,486 ሲሲው 5ኬ በቀድሞው ካምቢዮ ላይ ስለሚገጥም፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀርለታል።

ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ በዙሪያው ያለው ነው። የካርቡራተር ነዳጅ ፓምፕ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ0.3 ባር አይበልጥም፤ የኢንጄክሽን ሞተር፣ ማለትም ነዳጁ በኮምፒውተር ተመጥኖ የሚረጭበት የዘመኑ ሞተር፣ ግን 3 ባር ያህል ይፈልጋል። የአርባ ዓመቱን የጎማ ቱቦ ሳይቀይሩ አዲሱን ፓምፕ ማስነሣት ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ለመርጨት መዘጋጀት ነው። ፍሬኑም እንዲሁ፤ የኋላው ድራም፣ የፊቱም ትንሽ ዲስክ የተሠራው ለ60 ፈረስ ነው። አንዳንድ ባለመኪና ለሞተርና ለካምቢዮ ያለ የሌለውን ገንዘብ አውጥቶ ፍሬኑን «በኋላ አሠራዋለሁ» ይላል፤ በኋላ ማለት ከቃሊቲ ወዲያ ባለው ሰፊ መንገድ ላይ መሆኑን ልብ አይልም። ራዲያተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ በቁልፍ ቺፕ የሚቆለፈው ኮምፒውተርም አሉ፤ እነዚህ ግን ቢበላሹ አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋን ያቆሟታል እንጂ ሰው አይገድሉም።

ስለዚህ ለሚመለከተው አካል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሞተር ለውጥ በሊብሬ ላይ እንዲሰፍር የሚጠይቅ ባለንብረት ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ያቅርብ፤ ይህ የተሰረቀ ዕቃ እንዳይገጠም ስለሚከላከል ተገቢ ነው። ቁጥሩ ከመመዝገቡ በፊት ግን የአራቱም ጎማ ፍሬን በማሽን ይለካ፣ የነዳጅ ቱቦውና የሞተሩ ማሰሪያ ብየዳ ይታይ፣ ውጤቱም ተጽፎ ለባለንብረቱ ይሰጠው። መስፈርቱ አስቀድሞ ታትሞ ቢታወቅ እኛ ጋራዥ ያለን ሰዎችም ለደንበኛ «ፍሬኑ ካልተሠራ ሞተሩን አልገጥምም» ለማለት የምንጠቅሰው ነገር ይኖረናል። ዛሬ እንዲህ ስንል ደንበኛው ወደ ጎረቤት ጋራዥ ይሄዳል፣ ሥራውም ያለፍሬን ይጠናቀቃል። ለዓመታዊ ምርመራ ከሚቀርቡ መኪኖች ሞተራቸው የተቀየረው በዚህ መንገድ ይታዩ እንደሆነ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጋዜጣችሁ ቢያብራራልን ብዙዎቻችን እንጠቀማለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ፣ ከአዲስ አበባ