የቲቤት የጸጉር ጌጥ ስትገዢ ጀርባውን እዪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ካትማንዱ፣ ቦድሃናት አካባቢ ካሉት የቲቤት ነጋዴዎች ቱርኳዝ የሚባል ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ያለበት የድሮ የጸጉር ጌጥ ልትገዢ ማሰብሽን ጽፈሽልኛል። ገንዘብሽን ሳታወጪ ይህን አንብቢ።

ሻጩ ፊቱን ነው የሚያሳይሽ፤ አንቺ ገልብጪው። ጀርባው ላይ ክር ወይም ጉንጉን ጸጉር የሚያልፍባቸው የብር ቀለበቶች አሉ። ጌጡ ብዙ ዘመን የተደረገ ከሆነ ቀለበቱ ክሩ በሚስበው በኩል ብቻ ሳስቶ ታገኚዋለሽ። ዙሪያውን እኩል ከሳሳ ሞረድ ነክቶታል ብለሽ ጠርጥሪ። ፊቱ ጠቁሮ ቀለበቱ ምንም ካልተበላ ደግሞ ጥቁረቱ የኬሚካል ሊሆን ይችላል።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ቱርኳዝ ፈሳሽ ይመጥጣል። የቲቤት ሴቶች ጸጉራቸውን ቅቤ ይቀቡ ስለነበር ፈርጡ ቅባቱን እየጠጣ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አረንጓዴነቱን እንደ ጉድለት አትቁጠሪበት፤ ለእኔ እንዲያውም ውበቱ እሱ ነው። የሚያሰጋው፣ መቶ ዓመት ሞላው የተባለ ጌጥ ፈርጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ሰማያዊ ሲሆን ነው። ፈርጡ የተበሳ ቢሆንም አትደንግጪ፤ የድሮ ዶቃ መልሶ መፈረጥ እዚያ የተለመደ ነው።

ሃውላይት የሚባል ነጭ ድንጋይ ቀለም ተነክሮ በቱርኳዝ ስም ይሸጣል። ሻጩን አስፈቅደሽ ጥጥ በአሴቶን በጥቂቱ አርጥቢና የፈርጡን መሃል ጥረጊ፤ ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ቀለም ነው። አለመልቀቁ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ ብርጭቆም አይለቅምና። ብርጭቆን 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዪው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክብ የአየር አረፋ አለ። ጥጡ ጠርዙን እንዳይነካ ተጠንቀቂ፤ ብዙ የድሮ ፈርጦች ከሥር የያዛቸው ሙጫ ነው፣ አሴቶንም አልኮልም ያላላዋል።

ከገዛሽው በኋላ ውሃ ውስጥ አትንከሪው። ሙቅ ውሃ ሙጫውን ያለሰልሰዋል፣ ፈርጡም ይወልቃል። ሎሚም ሆነ የብር ማጽጃ ፈሳሽ አታስነኪው፤ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ቀለበቱ ቢሰበርና አንጥረኛ ጋ ብትወስጂው፣ ከብየዳው በፊት ፈርጡ ይውጣ፤ እሳት የቱርኳዝን ቀለም ያጠፋል።

ፈርጥ ከወለቀ ፈጣን ማጣበቂያ አታድርጊበት፤ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል፣ በኋላም ማስለቀቁ ከባድ ነው። ከነሙጫው ፍርፋሪ ጠቅልለሽ ላኪልኝ።

አባትሽ