ሊማሊሞ ላይም መቆሚያ ይሠራልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጎንደርና በደባርቅ መስመር፣ በገደላማው የሊማሊሞ መንገድም ብዙ ዘመን የነዳሁ ሾፌር ነኝ። አሁን የምኖረው ፍራንክፈርት፣ ልጄ ጋ ነው። ግንቦት ላይ ቴኔሪፌ ወሰደችኝ። በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ትይዩ ያለች የስፔን ደሴት ናት። ሰው የሚሄደው ለባሕሩ ነው፤ እኔ ባሕሩን አየት አደረግሁና የኪራይ መኪናውን ቁልፍ ተቀበልኩ።

ከላ ላጉና ተነስተን የተራራውን ጀርባ ይዘን ወጣን። ጥድ ብቻ ነው። ጉሙ ውስጥ ስንገባ መብራት አብርቼ ማርሽ ቀነስኩ። ዝናብ የለም፤ አስፋልቱ ግን ርሷል። ለካ የጥዱ ረጃጅም ቅጠል ጉሙን እየያዘ ያንጠባጥበዋል። ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ ሳይ «ይሄማ አስታ ነው!» አልኳት። ስትስቅብኝ ቆይታ ስልኳን አየች። አስታ ነው፤ ያው የሰሜን ተራሮቹ።

ጉሙን ጥሰን ስንወጣ ፀሐዩ ቦግ አለ። የቴይዴ ተራራ ፊት ለፊት ቆሟል። 3,715 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ከ800 ሜትር በላይ ያጥራል። ሜዳው ጥቁርና ቡናማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በመሃሉ ታጂናስቴ የሚሉት ቀይ አበባ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቁመቱ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ጅብራ፣ ያ የሰሜን ተራሮች ረጅም ተክል፣ መስሎኝ ነበር። ዘመዱ አይደለም፤ ግን እሱም እንደ ጅብራ አንዴ አብቦ ይሞታል። ንቡ ወሮታል። ንብ አርቢዎች በወቅቱ ቀፎ ይዘው ወደ ቴይዴ ፓርክ ይወጣሉ አሉኝ።

የጻፍኩላችሁ ግን ለመቆሚያው ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ኩርባም አለው። ሆኖም በየተወሰነ ርቀት ለመኪና የተተወ ቦታ፣ ዝቅ ያለ ግንብና ስለሚታየው ነገር የሚያስረዳ ሰሌዳ አለ። አንዱ ጋ የተቆረጠ ገደል ላይ ጥቁርና ነጭ አመድ ተነባብሮ ይታያል። ሹፌሩም ወርዶ ያያል!

ሊማሊሞን ጣሊያን ነው የቀደደው። በእኔ ጊዜ ቱሪስት «አቁምልኝ» ሲል የት ላቁም? ከኋላ አይሱዙ፣ ከፊት ገደል። «ወደፊት፣ ወደፊት» እያልኩ ደባርቅ እንደርሳለን። የሰሜን ተራሮች ፓርክ የዓለም ቅርስ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ቴይዴ ገና በ2007። በመዝገብ እኛ እንቀድማለን።

መንገድ የምትሠሩና የምትጠግኑ ሰዎች፣ አደራ፣ ሊማሊሞ ላይም፣ በፓርኩ ውስጥ ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድም ጥቂት መቆሚያ አስቡ። ብዙ ወጪ አይደለም። ብቻ ኩርባው አፍ ላይ እንዳታደርጉት፤ ፍሬን ይዞ የሚወርድ ጭነት መኪና ከሩቅ ሊያየው ይገባል።

የቀድሞ ሾፌር፣ ከፍራንክፈርት