በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለሚደረግ ጸሎት ለወላጆች ኅብረት አባላት የተላከ መልእክት

የተከበራችሁ አባላት፣

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጸሎት ጨርሶ ተከልክሏል የሚለው አባባል በመካከላችን ደጋግሞ ስለሚነሣ፣ ነገሩ በደፈናው የሚነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው፣ የኒው ዮርክ የትምህርት ባለሥልጣናት ራሳቸው አርቅቀው በየማለዳው በክፍል እንዲባል ያደረጉትን፣ በእንግሊዝኛ 22 ቃላት ብቻ ያሉትን ጸሎት ነው። የማይፈልግ ተማሪ ዝም ሊል ወይም ከክፍል ሊወጣ ይችል ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ይህ ጥሰቱን አያስቀረውም፣ ጸሎት ማርቀቅም የመንግሥት ሥራ አይደለም አለ። በ1992ም ትምህርት ቤት የጋበዘው የሃይማኖት አባት በምረቃ ላይ የሚያደርሰውን ጸሎት በ5 ለ4 ድምፅ ከልክሏል።

ልጆቻችን ምሳቸውን አማትበው ቢበሉ ወይም በዕረፍት ሰዓት ቢሰግዱ ግን፣ ትምህርቱን እስካላወኩ ድረስ መብታቸው ነው። በ1984 የወጣው የፌዴራል ሕግም ሌሎች ከትምህርት ውጪ የሆኑ ክበቦችን የፈቀደ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን የሃይማኖት ክበብ እንዳይከለክል ያስገድዳል።

ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ የጸለየ፣ በዋሽንግተን ግዛት የብሬመርተን የመንግሥት ትምህርት ቤት አሠልጣኝ በ2022 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ረትቷል፤ በእኛ አስተያየት ውሳኔው ተጫዋቾቹ የሚሰማቸውን ስውር ጫና አቅልሎ አይቷል።

ስለዚህ ቅሬታ ያለው ወላጅ ለርእሰ መምህሩ ከመጻፉ በፊት፣ ጸሎቱን የጀመረው ተማሪው ይሁን ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ እንዲያጣራ እናሳስባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት