የኮምፒዩተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከላይ ያለው ስም

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በስም ክርክር ነው። ልጆቹ «የሀከሮች ክበብ እንባል» አሉ። እኔም ክፋቱ አልታየኝም። ወረቀቱ ቢሮ ደርሶ ሲመለስ ግን «ኮምፒዩተር ክበብ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። በሳምንቱ አንድ አባት በር ላይ ጠብቀው፣ «መምህር፣ ልጄን የባንክ ሌባ ልታደርጉብኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። በዜና ሀከር ሲባል የሚሰማው ያው የተዘረፈ አካውንት ነው።

ለእሳቸው የነገርኳቸውን እዚህም ልድገመው። ቃሉን በበጎ ትርጉሙ የተጠቀሙበት የእኛው ብጤ የክበብ ልጆች ናቸው። አሜሪካ ኤምአይቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመ የሞዴል ባቡር ክበብ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ ሲገጣጥሙ የሚያመሹት ተማሪዎች፣ በብልሃት የተሠራን ነገር «ሀክ» ይሉት ነበር። በኋላ እዚያው ኤምአይቲ ኮምፒዩተር ሲገባ ላዩ ላይ ተተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ስፔስዋር የሚባል ጨዋታ ወጣ። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አንዱ የእውነተኛ ከዋክብት ካርታ ጨመረበት፣ ሌላው የስበት ኃይል። አባትየው ባቡሩ ላይ ስደርስ ፈገግ አሉ። ልጃቸውም ዓመቱን ሙሉ አልቀረም።

ወደ ላቦራቶሪያችን ልምጣ። ኮምፒዩተሮቹ አርጅተዋል፣ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ ይገባል። ዊንዶውሱም ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ ነው። ይህን በመጽሔት መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ንጹሕ ነኝ የሚል ድንጋይ ይወርውር። ኅዳር ላይ 2 ጊጋባይት ራም ባላቸው ማሽኖች ላይ ሉቡንቱ የተባለውን ቀለል ያለ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው) መጫን ጀመርን። የመጀመሪያው ጥያቄ «በነጻ ነው?» የሚል ነበር። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ዊንዶውሱም እኮ በነጻ ነው የመጣው» አለች አንዷ።

እውነቷን ነው። ልዩነቱ ያለው አንዲት «በ» ላይ ነው። ክራኩ በነጻ ተገኘ እንጂ ነጻ አይደለም። ውስጡን ማየት አትችልም፤ ለጓደኛህ ስትሰጥም ተደብቀህ ነው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ የተነሳው ለሁለተኛው «ነጻ»፣ ለነጻነቱ ነው። መብቶቹ አራት ናቸው፦ ለፈለጉት ሥራ ማዋል፣ ውስጡን አይቶ መለወጥ፣ ማካፈል፣ የለወጡትንም ማካፈል። ሲቆጠሩ ከ0 ነው የሚጀምሩት። ልጆቹ ይህቺን በጣም ወደዷት።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ አዋጅ ጠቅሶ መጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። «ታዲያ ሊኑክስን ስናባዛ ሕግ አልጣስንም?» አልጣስንም። ባለመብቶቹ ራሳቸው በጽሑፍ ፈቅደዋል። ፈቃዱ ጂፒኤል ይባላል፤ የመጀመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አንድ ግዴታ አለው፦ አሻሽለህ ለሌላ ከሰጠህ፣ አንተ ያገኘኸውን መብት እሱም ከነኮዱ ያግኝ። ለራስህ ብቻ ከተጠቀምክበት ግን የሚጠይቅህ የለም። «እንደ ጽዋ ማኅበር ነዋ፣ የጠጣ ተራውን ይደግሳል» አለ አንዱ ከኋላ። ከእኔ ማብራሪያ የእሱ ተሻለ።

ጥር ላይ የደረሰውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ሁሉም ሰምቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በችኮላ «ዲስኩን አጥፋና ጫን» የሚለውን የነካሁት የፈተና መጻፊያው ኮምፒዩተር ላይ ነበር። የስድስት ትምህርት ዓይነት ፈተና ድራሹ ጠፋ። ያወጣን ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ከጠፋ ዲስክ ላይ ፋይል ይለቅማል፤ ስማቸውን ግን አይመልስም። ሁሉም «ኤፍ» ተብሎ ረጅም ቁጥር ተሰጥቶት ነው የሚወጣው። ፈተና ስለሆነ ልጆቹ መክፈት አይችሉም። እኔና የታሪክ መምህሩ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አንድ በአንድ እየከፈትን «ይሄ ኬሚስትሪ ነው፣ ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው» ስንል ዋልን። አሁን እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ኮምፒዩተር ክበብ እንዳይነካ»። እስክሪብቶው ቀይ ነው።

በግንቦቱ ኤግዚቢሽን አንድ ልጅ የእባብ ጨዋታ አቀረበ። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ኮዱን ከፍታ አየችና፣ «ማስታወሻዎቹ ለምን በስፓኒሽ ሆኑ?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ከኢንተርኔት አውርዶ የደራሲውን ስም ሰርዞ ነበር። የሚያሳዝነው፣ የጨዋታው ፈቃድ ኤምአይቲ የሚባለው ነው፤ ያ የባቡር ክበብ ከነበረበት ተቋም የወጣ። ማባዛት፣ መለወጥ፣ መሸጥ ሳይቀር ይፈቅዳል። የሚጠይቀው የባለቤትነቱ ማስታወቂያና ፈቃዱ ከላይ እንዳይነሱ ብቻ ነው። ልጁ የተከለከለችውን አንዷን መርጦ አደረጋት።

አልቀጣነውም። የሰውየውን ስም መለሰ፣ የራሱን ከሥር ጻፈ። የራሱ የሆነ ነገር ነበረዋ! ነጥቡን በግዕዝ ቁጥር እንዲቆጥር አድርጎታል። ችግሩ ጨዋታው ከ0 ነው የሚጀምረው፣ ግዕዝ ደግሞ ዜሮ የለውም። ልጁ ቦታውን ባዶ ተወው። እባቡ የመጀመሪያዋን ምግብ ሲበላ «፩» ብቅ ስትል አዳራሹ አጨበጨበ።

ያላለቀው የትርጉም ሥራችን ነው። ጂኮምፕሪ የሚባል የሕፃናት መማሪያ አለ፤ ከ100 በላይ ጨዋታዎች የያዘ። ስሙ ሲነበብ በፈረንሳይኛ «ገባኝ» ማለት ነው። ለታናናሾቻችን በአማርኛ እናድርገው ብለን ገባንበት። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የሆነው ትእዛዝ እኛ ጋ ሲመጣ «ጫን» ነው ወይስ «ጫኚ»? «ይጫኑ» እንዳንል የ1ኛ ክፍል ሕፃን ማንን እንዳሉት ዞር ብሎ ያያል። ሦስት ረቡዕ ተከራክረን «ጫኑ» ላይ አረፍን። ቀጥሎ ማውስ መጣ። ግማሾቹ «አይጥ» ይባል አሉ፣ ግማሾቹ ሕፃናቱ ይፈራሉ ብለው «ማውስ» አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል ለእኩል ወጣ። የእኔን ድምፅ ሲጠይቁኝ መብራት ጠፋ። በመስከረም እንቀጥላለን።