ለመኮንንነት ለሚሠለጥነው ልጄ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክኸው ደብዳቤ ደርሶን ከእናትህ ጋር ደጋግመን አንብበነዋል። የትኛውን መኮንን አርአያ ላድርግ ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ፣ እዚህ ሐረር ስማቸው ስላልተረሳው ስለ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ልጽፍልህ ወደድሁ።

ጄኔራል አማን ከኤርትራውያን ወላጆች በ1916 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ተወልደው፣ እዚያው ተማሩ፤ በኋላም ኮሪያ ከዘመቱት መኮንኖች አንዱ ሆኑ። ዝናቸው የገነነው ግን በእኛ አገር ነው። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የድንበር ጦርነት ሲነሣ፣ ዋና ሰፈሩ ሐረር የነበረውን ሦስተኛ ክፍለ ጦር መርተው በቶጎ ውጫሌ በኩል ስለ ተዋጉ «የበረሃው አንበሳ» ተባሉ። አያትህ በዚያ ክፍለ ጦር አሥር አለቃ ነበሩ። ስለ ጄኔራሉ ባወሩልኝ ቁጥር የሚያነሡት ከወታደሩ ጋር ግንባር መዋላቸውንና አብረው መብላታቸውን እንጂ ኒሻናቸውን አልነበረም።

ከድሉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከጦሩ ተነሥተው በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመደቡ፤ ወታደር እንዲህ የሚወደው አዛዥ ለቤተ መንግሥት ያሰጋ ነበርና አይገርመኝም።

ልጄ ሆይ፣ ከሁሉ ይልቅ እንድታውቅልኝ የምፈልገው የ1967ቱን ነው። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ጄኔራል አማን የደርጉ ሊቀ መንበር ሆኑ። የኤርትራ ጉዳይ በንግግር እንዲፈታ ፈልገው ራሳቸው ወደዚያ ተጉዘው ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ተጨማሪ ጦር ይዝመት ሲባልም እንቢ አሉ። የታሰሩት የቀድሞ ባለሥልጣናት እንዲገደሉም አልተስማሙም። ለጦርነት የተሸለመ ሰው ጦርነት አያስፈልግም ሲል፣ ከማንም በላይ ሊደመጥ ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። አልተደመጡም። ኅዳር 14 ቀን ቤታቸው በታንክ ተከብቦ እየተዋጉ ሞቱ፤ በዚያው ሌሊት 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

አያትህ ወሬውን በሬዲዮ የሰሙት እዚሁ ሐረር ነበር። ጄኔራሉ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከሦስተኛ ክፍለ ጦር ድጋፍ ይጠብቁ እንደ ነበር በኋላ ሲነገር፣ ክፍለ ጦሩ ሳይደርስላቸው በመቅረቱ አያትህ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያዝኑ ነበር።

እንግዲህ የጦር ታሪክ ትምህርት ስትጀምር የ1956ቱን ዘመቻ ካርታ ዘርግተህ አጥናው፤ በ1967 ጄኔራሉ እንቢ ያሉበትንም ምክንያት ከጓደኞችህ ጋር ተወያይበትና የደረስህበትን ጻፍልኝ። እናትህ ናፍቆቷን ትገልጽልሃለች።

አባትህ፣
ከሐረር