ቮልሱን ከመቆራረጣችሁ በፊት ዳሽቦርዱን እዩልን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሮጌ መኪና በኪሎ ገዝተው ለብረት ማቅለጫ ለሚያስረክቡ ወገኖች ነው። እባካችሁ፣ መኪናውን ከመቆራረጣችሁ በፊት ዳሽቦርዱን እዩልን።

የምነዳው ከአባቴ የወረስኩትን ቮልስ ነው። ከፍጥነት መቁጠሪያው ጎን ሰዓት ነበረው። ድሮ አንድ ጋራዥ "እናሠራዋለን" ብለው ፈቱት፤ በዚያው ቀረ። ሶማሌ ተራ ጠየቅሁ። ካርቡሬተር ይገኛል፣ ሰዓት ግን የለም። በመጨረሻ ያገኘሁት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን ሲኬድ መንገድ ዳር ካለ የቁራሌው ግቢ ነው። ጣሪያው የተጨፈለቀ ቮልስ ቆርቆሮ ተከምሮበታል። ሰዓቱ አቧራ ለብሷል፤ መስታወቱ ግን አንድ ጭረት የለበትም። ልጁ ካቻቪቴ አቀበለኝና "ይቺ ምን ትመዝናለች ጋሼ? ይውሰዷት" አለኝ። ከፍዬው ወሰድኩ።

የዚያ ዘመን የመኪና ሰዓት ብዙው የሚሠራው በትንሽ ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ ሲላላ ኮንታክቶቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያገናኙት ሁለት የብረት ጫፎች፣ ይነካካሉ፤ ኤሌክትሪክ በውስጡ ባለው የሽቦ ጥቅልል ያልፍና ቀጭ ብሎ መልሶ ይሞላዋል። ባትሪ ሲደክም ግን ለዚያ አቅም ያጣል። ኮንታክቶቹ እንደተነካኩ ይቀራሉ፣ ጥቅልሉ ይግላል። ለዚህ ብለው ቶሎ የሚቀልጥ የብየዳ ነጥብ አድርገውለታል፤ እሱ ሲላቀቅ ጥቅልሉ ከመቃጠል ይተርፋል። የእኔም የቆመው እዚያው ላይ ነበር። ነጥቡን በዚያው ዓይነት ለስላሳ ብየዳ መለስኩት፣ ኮንታክቶቹን በንጹህ ወረቀት ጠረግሁ፣ ተነሳ። ጠጋኞች፣ አደራ፣ በሽቦ ቀጥታ አታገናኙት። ያኔ መከላከያ የለውም፣ ይቃጠላል።

ቮልቴጁንም እዩ። የእኔ መኪና ባለ 6 ቮልት ነው፤ ቮልስ ወደ 12 የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ባለ 6 ቮልት ሰዓት 12 ቮልት ላይ ከታሰረ አለቀለት። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ስር ስለሆነ መጀመሪያ ገመዱን ፈትቼ ነው የገጠምኩት። መስመሩን በፊውዝ በኩል ወሰድኩት፤ መኪናው በቁልፍ ሲጠፋም ኤሌክትሪክ የማይቋረጥበት መሆን አለበት። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። የሚያምረው ድምፁ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ቀጭ ማለቱ ይሰማል።

የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርቶ ምርቱ ቆሟል። ስለዚህ እናንተ ግቢ ውስጥ ያለው ዕቃ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አንድ መደርደሪያ ብቻ አዘጋጁ። ሰዓት፣ የነዳጅ ጌጅ፣ የበር እጀታ፣ የመሪ መሐል አርማ እዚያ ላይ ይቀመጥ። ከብረቱ ዋጋ በላይ የሚከፍል ሰው አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ። የፊት መብራት ቀለበት ካገኛችሁም ገዢ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ